ድንቢጥ ለልምምድ የሄደችበት ክረምት

ሰኔ 9፣ እሑድ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ራሴ ታጥቤ ራሴ እለብሳለሁ። ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፣ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ሾርባዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛበታል የሚለኝ ሰው ሁሉ ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚነሳው። ፀጉር አስተካካይ ነበርኩ፤ ሱቄን ከዘጋሁም በኋላ ጺሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ጡረተኛው መምህር ዛሬም ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣ በእኔ ምላጭ ይላጫል። ደሙን አይቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ ከሆነ አነባለሁ። መጻፍም ይኸው እጽፋለሁ፤ ሟቿ ባለቤቴ እየጎተተች ማታ ትምህርት አስገብታኝ የተማርኩት ነው።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት የማናግረው ሰው ስላጣሁ አይደለም። ሥራ ስለፈታሁ ነው።

ድንቢጥ ዛሬ ሄደች። ድንቢጥ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኔና ባለቤቴ አሳደግናት፣ ኋላ ባለቤቴም ስታርፍ ሁለታችን ቀረን። የምትማረው የውሃ ምርመራ ነው። አሁን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ለአራት ወር ልምምድ ተቀበላት። ያንን ሳትጨርስ አትመረቅም። እንኳን አገር ለቃ ልትሄድ፣ ከዚህ ቤት ውጭ አድራ አታውቅም።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጄን ያዘችኝና፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ብትሆን ሁሉንም ጥዬው ነው የምመጣው» አለችኝ። እንደምታደርገው አውቃለሁ፤ ግትርነቷን ከማን እንደወሰደችው ሰፈሩ ያውቃል። እኔ ምን እሆናለሁ፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሻንጣውን የሚገፋው አጎቷ፣ ትልቁ ልጄ፣ ሰምቶን ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። እሱ እኔን ቤቱ ወስዶ ሶፋ ላይ ሊያስቀምጠኝ ካሰበ ቆይቷል።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዝናብ ነበር።

ሰኔ 11

ደረሰች። በቪዲዮ ደወለች። ታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ መጥታ ስልኩን እንዴት እንደምይዝ አሳየችኝ፤ እስከዚያ የሚታየው ግንባሬ ብቻ ነበር አሉ። ድንቢጥ ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን አብጧል። እንቅልፍ ነው አለች። ይሆናል፣ አውሮፕላን ላይ ማን ይተኛል። ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳ ነው። ክፍሌ ጥሩ ነው አለችኝ። እስኪ አሳዪኝ ስላት ኔትወርኩ ይቆረጣል አለች።

ልብስ ሰፊዋ ከመውጣቷ በፊት የሚበላ ነገር ላምጣልዎ ወይ ብላ ጠየቀች። እጅ አለኝ አልኳት።

ሰኔ 16፣ እሑድ

እሑድ እሑድ ልትደውል ተስማምተናል። ምን እያሠሩሽ ነው ብላት ጠርሙስ እያጠብኩ ነው አለች። ባሕር ተሻግሮ ጠርሙስ ማጠብ ምን የሚሉት ትምህርት ነው ብዬ ጮህኩባት። ውሃው በደንብ ባልታጠበ ጠርሙስ ከተቀዳ ምርመራው ሁሉ ውሸት እንደሚሆን በትዕግሥት አስረዳችኝ።

ማታ ላይ ተጸጸትኩ። እኔስ እንዴት ጀመርኩ? ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ ምላጭ ሳያስነካኝ ስንት ጊዜ የሰው ፀጉር ጠራርጌአለሁ። መጀመሪያ የላጨሁት ሰው እንኳ ሰው አልነበረም፣ ፊኛ ነበር። ነፍቶ፣ ሳሙና ቀብቶ፣ ሳታፈነዳ ላጨው ብሎ ሰጠኝ። የፈነዳብኝ ቀን ሳሙናው ዓይኔ ገባና ደንበኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ድንቢጥም ሱቄ ውስጥ እየጠረገች ነው ያደገችው። መጥረጊያው ከቁመቷ ይበልጥ ነበር። የእኔን ቆረጣ ከሌላው ለይታ ታውቃለች። መንገድ ላይ ስንሄድ የሰው ጆሮ እያየች፣ ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ የሎሽን ነው ትለኝ ነበር። ሎሽን ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰውን ሁሉ ሎሽን ስለሚያጥለቀልቅ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። በጆሮ ግንድ የሚወርደውን ፀጉር እንደ በር መቃን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቆርጠው። እኔ ወደ ጉንጭ አጥንት ሸርተት አደርገዋለሁ። ሰው ፊት አለው፣ በር አይደለም። በዚህ ነገር ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ስንት ዘመናችን ነው።

ሰኔ 23፣ እሑድ

ዛሬ ድንቢጥ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀችኝ። አባባ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈውና ራትህን ብላ፣ እኔም እበላለሁ፣ ማውራት የለብንም አለች። እንደዚያ አደረግን። እሷ ዳቦ ትገምጣለች፣ እኔ ሾርባዬን እጠጣለሁ። ካፖርቷን አላወለቀችም። አንድ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ደረጃ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ኮቴ ሰማሁ፤ እግሯን ሰብሰብ አደረገች።

የሥራ ባልደረቦችሽስ ብላት፣ ጥሩ ናቸው፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው አለች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳህኑን ሳላነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ድካም ነው።

ሐምሌ 1

ቀኝ እጄ ደንዝዟል። ተኝቼበት አድሬ ነው።

ብርጭቆ ተሰበረ።

ሐምሌ 2

ይህ ስክሪብቶ አይረባም። ወረቀቱም በክረምቱ እርጥበት ተበላሽቶ መስመር አልይዝ አለኝ። ፊደሌ የዶሮ ጭረት መሰለ።

ሻይ በአገጬ ወረደ። የብርጭቆው ጠርዝ ነው። አዲስ መግዛት።

ሐምሌ 4

የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ተጣሟል። የከንፈሬን አንድ ጫፍ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ነጠላ ጫማዬም ከቀኝ እግሬ እየወጣ አስቸገረኝ፤ ሰፍቶ መሆን አለበት።

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «ሰላም ነዎት?» አለችኝ። ሰላም ካልሆንኩ አንቺን መች ጠራሁ አልኳት። አነጋገርዎ ከበደኝ አለች። ሾርባው ምላሴን አቃጥሎኛል አልኳት።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

መምህር መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፎጣ አሰርኩለት፤ ቋጠሮው አስቸገረኝና ራሱ ያዘው። ሳሙናውን ቀባሁ። ምላጩ ደህና ሄደ፣ ደህና ሄደ፣ አገጩ ላይ ሲደርስ እጄ የራሱ አሳብ ያለው ይመስል ሌላ ቦታ ሄደ።

ደም።

መምህር መሐረቡን አውጥቶ አገጩ ላይ ያዘ። ቡግንጅ ነበረብኝ፣ መንገር ረስቼ ነው አለኝ። እኔ ቡግንጅ አላየሁም። የቀረውን ቤቴ እጨርሰዋለሁ፣ የልጅ ልጆቼ ይጠብቁኛል ብሎ ግማሽ ፊቱን በሳሙና ይዞ ወጣ። ከደረጃው ሥር ሲያስነጥስ ሰማሁት።

ምላጩ ደንዞ ነው። ነገ እስለዋለሁ።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ስልኩን ስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ በግራ ጎኔ ዞሬ ተቀመጥኩ። ድንቢጥ ገና ስታየኝ፣ ጺምህ አድጓል አለች። ላሳድገው ነው አልኳት። ሳቀች፤ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም። ጺም የሚያሳድግ ሰው ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ ሰነፍ ነው ስትል አልነበር ወይ አለችኝ። ሰንፌ ነው አልኳት።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ትኩር ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ደህና ነህ አይደል?» ደህና ነኝ። «ደህና ባትሆን ትነግረኛለህ?» አዎ። «ማል።» ለትንሽ ነገር አልምልም አልኳት።

ለእሑድ መላጨት አለብኝ።

ሐምሌ 10

ልጄ መጣ። ቆሜ ተቀበልኩት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። አባዬ፣ ምነው እጅህን ብታወጣ አለኝ። ይበርደኛል አልኩት። በክረምት ይበርዳል፣ ውሸት አይደለም። ሚስቴ ክፍሉን አዘጋጅታልሃለች አለ። ክፍሉ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ ላይ ነው የሚከፈተው፤ አይቼዋለሁ። ቤት አለኝ አልኩት።

ሲወጣ ደረጃው ሥር ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጆሮዬ አልደነዘዘም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ አንድ እግራቸው ይጎተታል፤ ለልጅቷ ንገራት» አለች። እሱ ለድንቢጥ ከነገርናት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፣ እስኪ ትንሽ ይቆይ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ልጅ ከእኔ መወለዱን አመንኩ።

ሐምሌ 12

በግራ እጄ ሞከርኩ። ጉንጬ ሁለት ቦታ። ሳሙናው ሮዝ ሆነ። አቆምኩ።

ዕድሜ ልክ የሰው ፊት ስይዝ ኖሬ የገዛ ፊቴ ባዕድ ሆነብኝ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። በድምፅ ብቻ አወራን። እሷም የእኔም አይሠራም ዛሬ አለችና በዚያው ተስማማን። ድምፅዋ ጉንፋን ያለበት ሰው ይመስላል። ቢሮ ውስጥ ስሜን በትክክል የሚጠራ አንድ የጽዳት ሠራተኛ አለ፣ ጠዋት ጠዋት እሱን ሰላም ለማለት ቀድሜ እገባለሁ አለች። ሌሎቹስ አልኳት። ይቸኩላሉ አለች። ምሳ አብረው የሚበሉት እነሱ አይደሉም እንዴ ልል ነበር፣ ተውኩት።

መምህር ትናንት አልመጣም። ጉንፋን ይዞት ነው ብላ ሚስቱ ደወለች። ጉንፋን በዛ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግኩትን ለማንም አልናገርም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

በቪዲዮ ካልታየሁ ድንቢጥ ትጠረጥራለች። ከነጺሜ ብታየኝም ትጠረጥራለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ኮቴን ደርቤ ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻገርኩ፣ የሎሽንን በር ከፈትኩ።

ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል? መምህር። አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ፊቱ ላይ ሳሙና። በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። ጉንፋኑ እንዴት ነው አልኩት። እየተሻለኝ ነው አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ሎሽን ምላጩን እንደያዘ ቀረ። የሚሳደብ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ይቀመጡ ጋሼ አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ተራዬ ሲደርስ ክንዴን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ፣ አየሁት፣ መለሰው። በደንብ ላጨኝ። እጁ ንጹሕ ነው፣ ምላጩን ሳይጫን ነው የሚሄደው፤ ልክድ አልችልም። ቀኝ ጉንጬ ላይ ሲደርስ ቆዳውን በጣቱ ወጠር አድርጎ ያዘልኝ፣ ራሴ ልወጥረው እንደማልችል ሳልነግረው ገብቶታል።

ልከፍለው ስል፣ «ከባለሙያ አልቀበልም» አለኝ። ይህን ያለው በደንበኛ ፊት ነው። ሎሽን አፈሰሰብኝ፤ ዝም አልኩ።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ያለቀልኝ ዛሬ ነው።

ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ በመስኮቱ ብርሃን ተቀመጥኩ። ካሜራው ተሠርቷል አልኳት። ድንቢጥ አየችኝ። ፊቷ በራ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አባባ፣ ማነው የላጨህ?»

«ራሴ ነኛ።»

«የጆሮህን ግንድ እንዲህ ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ አታውቅም። የሎሽን ነው።»

ጺሙን ብቻ ሳስብ እሱን አላየሁትም፤ ሎሽንም እንደ ልማዱ ቆርጦታል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያስተማርኳትን ራሴ ረሳሁት።

«ቀኝ እጅህን አሳየኝ» አለች።

«ስልኩን ይዤበታለሁ።»

«እሱ ግራህ ነው።»

ዘጋሁት። ደግማ ደወለች። አላነሳሁም። እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ፤ ትራስ ሥር ከተትኩት።

ሐምሌ 22

ልብስ ሰፊዋ በራሷ ስልክ ድንቢጥን ይዛ ያለ ፈቃዴ ገባች። ሁሉንም ነግራታለች፤ እግሬን፣ አፌን፣ የተሰበረውን ብርጭቆ። ወሬኛ አልኳት በፊቷ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም፣ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

ድንቢጥ አላለቀሰችም። ለአለቃዋ ልምምዱን አቋርጣለሁ ብላ ጽፋ መጨረሷን፣ ነገ ጠዋት እንደምትሰጠው፣ ሐሙስ እዚህ እንደምትሆን ነገረችኝ። አይሆንም አልኳት። ይሆናል አለች። ትምህርትሽ አልኳት። ይቅርብኝ አለች። ሁለታችንም እየጮህን ነበር፤ የእኔ አፍ ቃሉን እየጎተተ፣ የእሷ እየፈጠነ።

በመሃል አንድ ሰው መጥቶ በማላውቀው ቋንቋ ተናገራት፣ ተነስታ አሳለፈችው። ስልኩ ዞሮ አየሁ። ደረጃ ነው። ከበስተኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ተደርድረዋል። ያ ነጭ ግድግዳ የክፍሏ አይደለም። ዳቦዋ በላስቲክ ከጎኗ ተቀምጧል።

እዚያ ነው እንዴ የምትበይው አልኳት።

ያኔ ነገረችኝ። ክፍሏ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ደረጃው ላይ ይሞቃል። ባልደረቦቿ ምሳ ሲወጡ በመጀመሪያው ቀን ጠርተዋት፣ ቋንቋው አፏ ላይ እንዳይሰበርባት ፈርታ በልቻለሁ አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልጠሯትም። በየቀኑ በልቻለሁ እያለች ሰነበተች። ሙሉ ቀን ድምፅዋን የምትሰማው ከእኔ ጋር ስታወራ ብቻ ነው።

ነይ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሐሙስ ማለት ሦስት ቀን ነው፣ በሩ ይከፈታል፣ ሻንጣዋን ትጥላለች፣ ሾርባው ጨው በዛበት ትለኛለች። እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም።

ያልኳት ግን ሌላ ነው። «ስሚ። እጄ ሞቷል። እግሬም ይጎተታል። ሐኪም ቤት አልሄድኩም፣ ያልሄድኩት ከሰማሽ ሁሉን ጥለሽ ስለምትመጪ ነው። አሁን ካቋረጥሽ አልሄድም፤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ። ካላቋረጥሽ ነገውኑ እሄዳለሁ።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው» አለች።

«ነው። ሌላም አለ። ነገ ምሳ ከሰዎቹ ጋር ካልበላሽ ከዚህ ቤት አልንቀሳቀስም። ፎቶ ልከሽ አሳዪኝ።»

«አፌ ቢሰበርስ?»

«የእኔንስ አልሰማሽውም? ተሰብሮም ይኸው እየታዘዝሽኝ ነው።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ሰማሁ። አንተ ግትር ሽማግሌ አለችኝ። አንቺ ግትር አልኳት። በሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ።

ሐምሌ 23

ልጄ በጠዋቱ መኪናውን አቁሞ ታች ይጠብቃል። አልወረድኩም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ኮቴን እንደለበስኩ ጠበቅኩ፣ ልጄ ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ ተመለሰ፣ የሚለውን ሁሉ አለኝ።

ፎቶው መጣ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰዎች፣ ትሪዎች። ድንቢጥ ጫፍ ላይ ናት፣ ፈራ ብላለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ወደ እሷ ዘንበል ብላ የሆነ ነገር እየጠቆመች ታሳያታለች።

እንሂድ አልኩት። ደረጃው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልጄ ተሸክሞ አወረደኝ። አውርደኝ አንተ አህያ እያልኩት።

ሐምሌ 26

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የጀመረዎት ቀን ቢመጡ ኖሮ አለችና ቀሪውን ሳትናገር ወደ ወረቀቷ ዞረች። የጭንቅላት ደም ስር ነው። መድኃኒት አለ፣ የእጅ ማሠልጠኛ አለ። ይመለሳል ወይ ብላት ትንሽ ሊመለስ ይችላል አለች። ምላጭ ለመያዝ ይበቃል ወይ ስላት ደንግጣ አየችኝ። ሥራዬ ነው አልኳት።

ነሐሴ 1

ልጄ ማታ ማታ እየመጣ ሳሎን ይተኛል። ስምምነታችን ነው፤ እኔ ቤቴን አልለቅም፣ እሱ ብቻዬን አይተወኝም። ያንኮራፋል። እናቱም ታንኮራፋ ነበር።

የተጠቀለለ ካልሲ ስጨብጥ እውላለሁ። ጣቶቼ ይሰሙኛል፣ ግን ዘግይተው፤ ከሩቅ አገር እንደሚደወል ስልክ።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

ድንቢጥ ደወለች። ከጀርባዋ ድምፅ አለ፣ ሰው ይስቃል። እጄን አሳየኋት፣ አንድ ጣት አንቀሳቀስኩላት፣ አጨበጨበች። አሁን ናሙና የምትወስደው ራሷ ናት፤ ወንዝ ዳር ቦት ጫማ ተጫምታ ሄዳለች። አለቃዋ ሥራዋን አይቶ አንድ ቃል ተናግሯል፣ ትርጉሙ ጥሩ ነው ማለት ነው አለች። ከዚያ ይጠብቁኛል አባባ፣ ማታ ልደውል ወይ አለች። ሂጂ፣ እኔም ሥራ አለኝ አልኳት።

ማታ አልደወለችም። ደስ አለኝ።

ሾርባው ቀዘቀዘ።

ነሐሴ 13

ትናንት ልጄ፣ የምታስበው ነገር ካለ ንገረኝ፣ እኔ እፈጽምልሃለሁ አለኝ፣ ሊሞት የደረሰ ሰው አጠገብ እንደተቀመጠ ሁሉ። ዕዳ ካለብኝ ራሴ እከፍላለሁ አልኩት። ዕዳውን በግራ እጄ እጽፈዋለሁ፣ ፊደሉ ቢጣመምም ራሴ አነበዋለሁ።

ለልብስ ሰፊዋ፦ ወሬኛ ያልኳትን በአፌ ላነሳ። ደረጃዋን ወርጄ፣ በሯን አንኳኩቼ።

ለመምህር፦ አገጩ ላይ የፈሰሰውን ደም። ቡግንጅ አልነበረብህም ልለው፣ ወደ ሎሽን መሄዱንም እንዳልተቀየምኩበት።

ለሎሽን፦ አንድ መላጨት። እጄ ከተመለሰ እሱን ራሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ። ካልተመለሰ ሱቁ ገብቼ፣ ደንበኛ ባለበት፣ እጁ ንጹሕ ነው ልል። የጆሮ ግንዱን ነገር ግን አልተውለትም።

ለልጄ፦ አህያ ያልኩትን። ተሸክሞኝ ሲወርድ ልቡ ሲመታ ጀርባው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ እሱንም ልነግረው።

ለድንቢጥ፦ አንድ እውነት። ባለፈው ስትደውል ያለ እኔ ቤቱ አይከብድህም ወይ ብትለኝ፣ አይከብደኝም ብዬ ዋሽቻታለሁ። ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ ይህን ማንም ሳይቀድመኝ ራሴ እነግራታለሁ።